ክብደትና የዕለት ጭንቀት፦ በዉድበሪ የበረዶ ወራት ጤናን መጠበቅ

“ተመችቶሃል!” ከረጅም ጊዜ በኋላ የተገናኙትን ወዳጅ ወፍሮ ሲያዩት የሚሰነዘር፣ ምርቃት የተቀላቀለበት ሰላምታ ነው። ጠግቦ አዳሪ ሆነሃል፣ ከችግር ወጥተሃል እንደማለት። በአሜሪካ ሚኔሶታ ግዛት፣ ከሴንት ፖል በስተምሥራቅ በምትገኘው ዉድበሪ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያንም በሰርግና በክርስትና ድግስ ላይ ይህንኑ ቃል ይሰሙታል። ሐኪም ዘንድ ሲቀርቡ ደግሞ ሌሎች ቃላት ይጠብቋቸዋል፦ ደም ግፊት፣ ስኳር፣ ኮሌስትሮል።

ዉድበሪ በአውሮፓውያኑ 2020 የሕዝብ ቆጠራ ከ75 ሺህ በላይ ነዋሪዎች የተመዘገቡባት፣ ሰፋፊ መንገዶችና የተራራቁ የገበያ ማዕከላት ያሏት የመኪና ከተማ ናት። አዲስ አበባ ሳለ ታክሲ ለመያዝ፣ ገበያ ለመውጣት፣ ለቅሶ ለመድረስ በእግሩ ይጓዝ የነበረ ሰው እዚህ ከቤቱ ጋራዥ እስከ መሥሪያ ቤቱ የመኪና ማቆሚያ ድረስ ጥቂት እርምጃዎች ብቻ ይራመዳል። የሚበላው ምግብ ባይለወጥ እንኳ የሚያቃጥለው ኃይል ይቀንሳል። ላይ ላዩን ሲታይ ነገሩ ይኸው ብቻ ይመስላል፤ ብዙ መብላት፣ ጥቂት መንቀሳቀስ።

ነገር ግን ከመጠን በላይ የሆነ ክብደት ብቻውን የሚመጣ እንግዳ አይደለም። እንቅልፍ ማጣት፣ የሌሊት ፈረቃ፣ ከሀገር ቤት የሚመጣ ክፉ ወሬና የወር ክፍያ ሐሳብ አብረውት ይመጣሉ። በተለምዶ ክብደትን የሆድ፣ ጭንቀትን የልብ ጉዳይ አድርገን ለያይተን እናያቸዋለን። ሰውነት ግን እንዲህ አይለያቸውም።

ስታዲየም ሥር የተካሄደው ሙከራ

ምግብና መንፈስ እንዴት እንደተሳሰሩ ካሳዩት ጥናቶች እጅግ ከሚጠቀሱት አንዱ የተካሄደው ሩቅ አይደለም። ከዉድበሪ ወደ ምዕራብ ግማሽ ሰዓት ገደማ በመኪና በሚያስኬደው የሚኔሶታ ዩኒቨርሲቲ የሚኒያፖሊስ ግቢ፣ ዛሬ በፈረሰው የሜሞሪያል ስታዲየም መቀመጫዎች ሥር በነበሩ ክፍሎች ነው።

በአውሮፓውያኑ ኅዳር 1944፣ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ገና ሳያበቃ፣ የፊዚዮሎጂ ተመራማሪው አንሴል ኪስ 36 ወጣት ወንዶችን ሰበሰቡ። ወጣቶቹ ሕሊናችን አይፈቅድም በማለት መሣሪያ ያልታጠቁና በምትኩ ራሳቸውን ለምርምሩ ያቀረቡ በጎ ፈቃደኞች ነበሩ። ተመራማሪዎቹ ማወቅ የፈለጉት በጦርነቱ ረሃብ የተጎዳውን ሕዝብ መልሶ እንዴት መመገብ እንደሚገባ ነበር።

ለመጀመሪያዎቹ 12 ሳምንታት ወጣቶቹ በቀን 3,200 ካሎሪ ገደማ ተመገቡ። ከዚያም ለ24 ሳምንታት ምግባቸው ወደ 1,570 ካሎሪ ገደማ ዝቅ ተደረገ፤ ድንች፣ ጥቁር ዳቦ፣ መኮሮኒ፣ ጥቂት አትክልት። በሳምንት 22 ማይል እንዲራመዱም ይጠበቅባቸው ነበር።

ክብደታቸው በአማካይ ሩብ ያህል ቀነሰ። የልብ ምታቸው ዘገየ፤ በበጋ ሳይቀር ይበርዳቸው ጀመር። ይህ ያልተጠበቀ አልነበረም። ይበልጥ ያስገረመው የመንፈሳቸው ለውጥ ነው። ተጫዋች የነበሩት በትንሽ በትልቁ የሚቆጡ ሆኑ፤ ድብርት ተጫናቸው፤ ከሰው መሸሽ ጀመሩ። ሐሳባቸው ሁሉ ምግብ ሆነ። ሳህን የሚልሱ፣ ምግብ ሊሠሩባቸው ያላሰቡ የወጥ አሠራር መጻሕፍትን የሚሰበስቡ ነበሩ። ገደቡ ሲነሣ ደግሞ አንዳንዶቹ በቀን ከ5,000 ካሎሪ በላይ እየበሉም አልጠግብ አሉ። ኪስና ባልደረቦቻቸው ውጤቱን በ1950 በሁለት ትልልቅ ቅጾች አሳተሙት።

1,570 የሚለውን ቁጥር ልብ ይሏል። ዛሬ በየስልኩ መተግበሪያና በየማኅበራዊ ሚዲያው “በወር 10 ኪሎ ቀንሱ” ከሚሉት የምግብ ገደቦች ብዙዎቹ ከዚህ በታች ናቸው። እርግጥ ነው፣ የስታዲየሙ ወጣቶች መጀመሪያውኑ ቀጫጭኖች ነበሩ፤ ትርፍ ስብ ካለው ሰው ጋር በቀጥታ አይወዳደሩም። ሆኖም ምግብን በድንገትና በኃይል ቆርጦ፣ በዚያው ላይ በቀን 12 ሰዓት እየሠራ፣ ከሁለት ሳምንት በኋላ በልጆቹ ላይ የሚጮኽና ሌሊት ማቀዝቀዣ የሚከፍት ሰው ጉዳዩ የፍላጎት ማጣት ብቻ አለመሆኑን ከዚህ ሙከራ ሊረዳ ይችላል። ለረሃብ የሚሰጠው ምላሽ ከሰው ፈቃድ በላይ የሆነ ክፍል አለው።

ጭንቀት እንዴት ያወፍራል?

ሰው ሲጨነቅ ሰውነቱ ኮርቲሶል የተባለ ሆርሞን ያመነጫል። ለአጭር ጊዜ ሲሆን ጠቃሚ ነው፤ አደጋ ሲያጋጥም ኃይል ይሰጣል። ጭንቀቱ ሳምንታትና ወራት ሲያስቆጥር ግን የምግብ ፍላጎትን፣ በተለይም ጣፋጭና ቅባት የበዛበትን ምግብ መሻትን ይጨምራል። ስብ በሆድ አካባቢ እንዲከማችም ያግዛል። በሆድ ዙሪያ የሚከማች ስብ ደግሞ ከስኳርና ከልብ በሽታ ጋር ያለው ቁርኝት ከሌላው የጠበቀ ነው።

በውጭ ለሚኖር ኢትዮጵያዊ የጭንቀቱ አንዱ ምንጭ ሰዓት ነው። በበረዶው ወራት በሚኔሶታና በአዲስ አበባ መካከል የዘጠኝ ሰዓት ልዩነት አለ። በዉድበሪ ከምሽቱ አራት ሰዓት ሲሆን አዲስ አበባ ጠዋት አንድ ሰዓት ሆኗል። ቤተሰብ ስልክ የሚያነሣው፣ የዕለቱ ዜና መውጣት የሚጀምረው፣ ገንዘብ ላክልኝ የሚለው መልእክት የሚደርሰው ልክ ለመተኛት ጋደም በሚባልበት ጊዜ ነው። በ2013 ዓ.ም. በሰሜን ኢትዮጵያ ጦርነት ከተቀሰቀሰ ወዲህ፣ ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮም በአማራ ክልል ግጭቱ ከተባባሰ በኋላ፣ በርካቶች ስልካቸውን ትራሳቸው ሥር አድርገው ማደር ልማድ ሆኖባቸዋል። ይህን የሚጽፈው ጋዜጠኛም ከዚህ ልማድ ነጻ ነኝ ሊል አይችልም።

የእንቅልፍ ማጣት ዋጋ በካሎሪ ሊሰላ ይችላል። በ2022 ይፋ የሆነ የቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ጥናት ከመጠን በላይ ክብደት ያላቸውንና በሌሊት ከስድስት ሰዓት ተኩል በታች የሚተኙ 80 ሰዎችን ተከታትሎ ነበር። ግማሾቹ እንቅልፋቸውን በአማካይ ከአንድ ሰዓት በላይ እንዲያራዝሙ ተረዱ። ስለ ምግብ ምንም ምክር ሳይሰጣቸው፣ በቀን የሚወስዱት ምግብ ካላራዘሙት ጋር ሲነጻጸር በ270 ካሎሪ ገደማ ቀነሰ። ይህ ያለ አንዳች የምግብ ገደብ የተገኘ ለውጥ ነው።

ለአዋቂ ሰው የሚመከረው ቢያንስ ሰባት ሰዓት እንቅልፍ ነው። የሌሊት ፈረቃ ሠራተኛ ይህን ማግኘት ይከብደዋል፤ ሆኖም መስኮቱን በወፍራም መጋረጃ መጋረድ፣ ቤተሰቡ የእንቅልፍ ሰዓቱን እንደ ሌሊት እንዲቆጥርለት መንገር፣ በዕረፍት ቀንም የመኝታ ሰዓትን እጅግ አለማዛባት ይረዳሉ። ስልኩን በተመለከተ፣ ከሀገር ቤት ቤተሰብ ጋር የሚደዋወሉበትን ሰዓት ወደ ጠዋት ማዞር ይቻላል። በዉድበሪ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት አዲስ አበባ ላይ ከቀኑ አሥር ሰዓት ነው፤ እዚያም ሰው ነቅቷል፣ እዚህም ቀኑ ገና ነው።

ቡናውና ስኳሩ

የቡና ሥነ ሥርዓት ራሱ ጭንቀትን የሚያቀል ልማድ መሆኑን ለማስረዳት ጥናት መጥቀስ አያስፈልግም። ሰው ይሰበሰባል፣ ይወራል፣ ይሳቃል፣ የተከፋም ይጽናናል። ችግሩ ያለው በሁለት ነገሮች ላይ ነው፤ በሰዓቱና በስኳሩ።

በ2013 የታተመ አንድ አነስተኛ ጥናት ከመኝታ ስድስት ሰዓት ቀደም ብሎ የተወሰደ 400 ሚሊግራም ካፌይን፣ ማለትም አራት ስኒ የአሜሪካ ቡና ያህል፣ እንቅልፍን ከአንድ ሰዓት በላይ እንደሚቀንስ አሳይቷል። እሑድ ማታ ተፈልቶ ሰኞ ሌሊት ላይ ዓይን አልከደን የሚለው ለዚህ ነው። የቡናውን ሰዓት ወደ ረፋድ ማምጣት ሥርዓቱን አይጎዳም።

ወደ ስኳሩ እንምጣ። የዓለም ጤና ድርጅት በምግብና በመጠጥ ላይ የሚጨመር ስኳር ከዕለቱ ካሎሪ ከ10 በመቶ በታች እንዲሆን፣ ቢቻል ወደ 5 በመቶ እንዲወርድ ይመክራል። 5 በመቶው ወደ 25 ግራም፣ ማለትም ስድስት የሻይ ማንኪያ ገደማ ነው። አቦል፣ ቶና፣ በረካን በየስኒው ሁለት ማንኪያ ስኳር አድርጎ የጠጣ ሰው ምሳ ሳይበላ ይህን መጠን ጨርሷል። ከምሳ ጋር አንድ ጣሳ ኮካ ኮላ ከጠጣ ደግሞ ሌላ 39 ግራም ጨመረ ማለት ነው። ስኳርን በአንድ ጊዜ መተው ለማይሆንለት ሰው በየሁለት ሳምንቱ ግማሽ ማንኪያ መቀነስ ምላስን ቀስ በቀስ ያለማምዳል።

ማዕዱና ጾሙ

የኢትዮጵያ ምግብ በራሱ ለክብደት ጠላት አይደለም። ምስር፣ ሽሮ፣ ጎመን፣ አተር ክክ በአሰርና በፕሮቲን የበለጸጉ ናቸው፤ ጤፍም ሙሉ እህል ነው። በአሜሪካ የሚሸጥ እንጀራ ግን ብዙ ጊዜ ከስንዴና ከሌላ ዱቄት ጋር የተቀላቀለ በመሆኑ ከመግዛት በፊት ማሸጊያው ላይ የተጻፈውን ማንበብ ይገባል።

ትኩረት የሚያሻው የዘይትና የቂቤ መጠን ነው። አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት 120 ካሎሪ ገደማ ይዟል፤ ለቁሌት ከጠርሙሱ በቀጥታ የሚንቆረቆረው ስንት ማንኪያ እንደሆነ ግን የሚለካው የለም። ሽንኩርቱን በትንሽ ውኃ አብስሎ ዘይቱን በማንኪያ ለክቶ ኋላ መጨመር፣ ጣዕሙን ለበርበሬውና ለኮረሪማው መተው፣ የሙያ ጉዳይ እንጂ የጣዕም ኪሳራ አይደለም።

የጋራ ማዕድ ሌላ ፈተና አለው፤ ማን ምን ያህል እንደበላ አይታወቅም፣ ጉርሻም አይመለስም። ከጎመኑና ከምስሩ መጀመር፣ እንጀራውን አነስ አድርጎ መቁረስ፣ በዝግታ መብላት ያዋጣል። “ጠገብኩ” ላለ ሰው “በሞቴ” ማለትን መቀነስ ደግሞ የአስተናጋጁ ድርሻ ነው።

ጾምን በተመለከተ አንድ የተለመደ ስሕተት አለ። የኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ምእመን ረቡዕና ዓርብን፣ የ55 ቀናቱን ዐቢይ ጾም፣ ፍልሰታን፣ ነቢያትን ሲጾም ከዓመቱ ግማሽ ያህሉን ከሥጋና ከወተት ተዋጽኦ ርቆ ያሳልፋል። ይህ መንፈሳዊ ሥርዓት እንጂ የማቅጠኛ ዘዴ አይደለም። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ከቆዩ በኋላ በዘይት የተጠበሰ ሳምቡሳ፣ ነጭ ዳቦና ጣፋጭ መጠጥ ከበዛ ክብደት በጾምም ይጨምራል። የዐቢይ ጾም ክብደት በፋሲካ ሳምንት ተመልሶ ሲገኝ ደግሞ የስታዲየሙን ወጣቶች ያስታውሳል። ኢንሱሊን ወይም ሌላ የስኳር መድኃኒት የሚወስድ ሰው፣ ክርስቲያንም ይሁን ረመዳንን የሚጾም ሙስሊም፣ ከመጾሙ በፊት ሐኪሙን ማማከር አለበት፤ መድኃኒት ወስዶ አለመብላት የደም ስኳርን ለሕይወት በሚያሰጋ ደረጃ ሊያወርድ ይችላል።

ለፈረቃ ሠራተኛ ትልቁ ጠላት ግን የሀገር ቤት ምግብ ሳይሆን ከነዳጅ ማደያና ከመሸጫ ማሽን የሚገዛው ነው። የአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋማት ተመራማሪዎች በ2019 ባወጡት ጥናት 20 ሰዎች በፋብሪካ እጅግ የተቀነባበረ ምግብ ሲቀርብላቸው፣ ካልተቀነባበረው ጋር ሲነጻጸር በቀን 500 ካሎሪ ገደማ አብልጠው በልተዋል። ሁለቱም እስኪጠግቡ ድረስ እንዲበሉ የተፈቀደ ነበር። ከቤት ምሳ ዕቃ ይዞ መውጣት ርካሽም ነው፣ ጤናማም ነው።

ሰባት በመቶ

ታዲያ ምን ያህል መቀነስ በቂ ነው? በዚህ ረገድ ጠንካራው ማስረጃ የስኳር በሽታ መከላከያ ፕሮግራም የተባለውና ውጤቱ በ2002 የታተመው የአሜሪካ ጥናት ነው። በስኳር በሽታ የመያዝ ሥጋታቸው ከፍ ያለ 3,234 ሰዎች ተሳትፈውበታል። አንደኛው ቡድን ከክብደቱ 7 በመቶ እንዲቀንስና በሳምንት 150 ደቂቃ ፈጠን ያለ እርምጃ እንዲያደርግ ተመከረ። ሌላው ሜትፎርሚን የተባለውን መድኃኒት ወሰደ። ሦስተኛው ቡድን ከወሰደው የማስመሰያ እንክብል ጋር ሲነጻጸር፣ መድኃኒቱ በበሽታው መያዝን በ31 በመቶ፣ የአኗኗር ለውጡ ግን በ58 በመቶ ቀነሰ።

7 በመቶ 180 ፓውንድ ለሚመዝን ሰው 13 ፓውንድ ገደማ ነው፤ ስድስት ኪሎ አይሞላም። በሰርግ ፎቶ ላይ ብዙም አይታይ ይሆናል። ደም ውስጥ ግን ይታያል። 150 ደቂቃውም በሳምንት ለአምስት ቀናት ግማሽ ሰዓት እንደማለት ነው፤ በአንድ ጊዜ መሆን የለበትም። በኒውዚላንድ የኦታጎ ዩኒቨርሲቲ በ2016 ባወጣው ጥናት የስኳር ሕሙማን ከየምግቡ በኋላ ለ10 ደቂቃ ሲራመዱ፣ በቀን አንዴ ለ30 ደቂቃ ከሚራመዱበት ጊዜ ይልቅ ከምግብ በኋላ የሚጨምረው የደም ስኳራቸው ዝቅ ብሏል። ለውጡ ከፍ ያለው ከእራት በኋላ ነበር።

በሚኔሶታ ከእራት በኋላ መውጣት ቀላል አይደለም። በታኅሣሥ ወር ፀሐይ የምትጠልቀው ገና አሥር ሰዓት ተኩል ገደማ ሲሆን የቀኑ ርዝመት ዘጠኝ ሰዓት አይሞላም፤ የጥር ወር አማካይ ሙቀት ከዜሮ በታች 9 ዲግሪ አካባቢ ነው። ከኅዳር እስከ መጋቢት ብዙዎች ከሶፋቸው አይነሡም። የአካባቢው ሰዎች መላ ግን አላቸው። በብሉሚንግተን የሚገኘው ሞል ኦፍ አሜሪካ ሱቆቹ ከመከፈታቸው በፊት ለእግረኞች ክፍት ነው፤ አንዱን ፎቅ አንድ ጊዜ መዞር ከግማሽ ማይል በላይ ያስኬዳል። በረዶው ሲቀልጥ ደግሞ ዉድበሪ ውስጥ የካርቨር ሐይቅ ፓርክ የእግር መንገዶች አሉ። ብቻውን መውጣት የሚከብደው ከጎረቤት ወይም ከማኅበር አባላት ጋር ቀጠሮ ይያዝ፤ ለቅሶ ቤት ለመድረስ በረዶ የማያግደው ሰው ለዚህም አይሰንፍም።

የብርሃን እጥረት በመንፈስ ላይም ያጠላል። በየዓመቱ የበረዶው ወራት ሲመጡ የሚከሠት ድብርት በሕክምና የታወቀ ነው። ጠዋት ጠዋት ለ30 ደቂቃ 10,000 ሉክስ ብርሃን በሚሰጥ ልዩ መብራት ፊት መቀመጥ አንዱ ሕክምናው ሲሆን፣ የዓይን ሕመም ወይም ባይፖላር የተባለው የስሜት መለዋወጥ ሕመም ያለበት ሰው አስቀድሞ ሐኪም ማማከር አለበት።

መርፌዎቹስ?

ሴማግሉታይድና ቲርዜፓታይድ የተባሉት የክብደት መቀነሻ መርፌዎች በየድግሱ መነጋገሪያ ሆነዋል። ውጤታቸው እውነት ነው፤ ሴማግሉታይድ በዋናው ጥናቱ በ68 ሳምንታት ውስጥ በአማካይ 15 በመቶ ገደማ ክብደት አስቀንሷል። መድኃኒቱን ያቆሙ ተሳታፊዎች ግን በአንድ ዓመት ውስጥ ከቀነሱት ሁለት ሦስተኛውን መልሰው ጨምረዋል። ከሐኪም ውጪ ከማኅበራዊ ሚዲያ መግዛት አደገኛ ነው።

መለካትና መናገር

ከቁመት ጋር የተመጣጠነ ክብደትን ለማስላት የሚያገለግለውን ቀመር ቢኤምአይ የሚል ስም የሰጡት በ1972 ራሳቸው አንሴል ኪስና ባልደረቦቻቸው ናቸው። 25 እና ከዚያ በላይ ከመጠን ያለፈ ክብደት፣ 30 እና ከዚያ በላይ ከልክ ያለፈ ውፍረት ይባላል። ቀመሩ ጡንቻን ከስብ ስለማይለይ የወገብ ዙሪያን በሜትር መለካት ይረዳል፤ ለወንድ ከ94፣ ለሴት ከ80 ሴንቲ ሜትር ሲያልፍ ሥጋቱ ይጨምራል። ቀጭን ነኝ ብሎ መዘናጋትም አይገባም፤ ቀጫጭን ሆነው ስኳር የሚገኝባቸው አፍሪካውያን ስደተኞች አሉ። የአሜሪካ የስኳር በሽታ ማኅበር ማንኛውም አዋቂ ከ35 ዓመቱ ጀምሮ እንዲመረመር ይመክራል። ኤ ዋን ሲ የተባለው የደም ምርመራ ከ5.7 እስከ 6.4 ካሳየ ቅድመ ስኳር ነው፤ 7 በመቶው ብዙ የሚሠራው እዚህ ላይ ነው።

ስለ ጭንቀትም ሐኪምን ማናገር የእብደት ምልክት ተደርጎ መታየት የለበትም። ከሁለት ሳምንት በላይ የዘለቀ ሐዘን፣ እንቅልፍ ማጣት፣ የምግብ ፍላጎት መጥፋት ወይም መብዛት፣ ደስ ይል የነበረው ነገር ሁሉ መሰልቸት ሐኪም ሊሰማቸው የሚገቡ ምልክቶች ናቸው። ራሴን ልጉዳ የሚል ሐሳብ የመጣበት ሰው በአሜሪካ በማንኛውም ሰዓት 988 መደወል ይችላል።

ከፌዴራል መንግሥት ገንዘብ የሚያገኙ ሆስፒታሎችና ክሊኒኮች እንግሊዝኛ ለማይቀናው ታካሚ አስተርጓሚ በነጻ የማቅረብ ግዴታ አለባቸው። ቀጠሮ ሲይዙ “የአማርኛ አስተርጓሚ እፈልጋለሁ” ብሎ ማስመዝገብ በቂ ነው። የ12 ዓመት ልጅን ይዞ ሄዶ “እናቴ ሌሊት አልተኛም ትላለች” ማሰኘት አያስፈልግም፤ እናትም ልጇ ፊት የምትደብቀውን አስተርጓሚው ባለበት ትናገረዋለች።